ተሸክመን የወሰድነው አሳማ

ጎሎ ዋሰ፣ ፍሎሬስ
ጁን 9 ቀን 1996

እኑ ልጄ ሜልዲ፣ የሟች እህቴ ምትክ፤

ይህ ወረቀት ባሕሩን ተሻግሮ እጅሽ እስኪገባ ጤና አይለይሽ። የበላሽው ይስማማሽ፤ የረገጥሽው መሬት ይመችሽ። ድንግል ማርያም በቀኝሽ፣ የቀደሙት አባቶቻችን በግራሽ ይቁሙ። እኔ ጉልበቴ ከመጮሁ በቀር ደህና ነኝ።

ፊደሉ ተንጋዶ ብታዪው አትሳቂ። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ መምህር ፍራንስ ነበር። ዛሬ በራሴ እጅ ነው። እጅ አለኝ፣ እርሳስም አለኝ፤ የሰው እጅ ለምን እለምናለሁ?

የጻፍኩት ስለ ጣራው ነው። ጣራው ማንጠባጠብ ጀምሯል፤ ለቆርቆሮ የሚሆን ትንሽ ብትልኪ። ልጅሽ ኦስዋል ደህና ነው። ከተማ ነው ያለው።

ቆይ። ጣራው ደህና ነው። ወረቀቱ አንድ ስለሆነ የጻፍኩትን አልቀደውም፤ ውሸቱም እውነቱም አብሮ ይምጣልሽ። ኦስዋል ከተማ ያለው ወህኒ ቤት ነው።

ስታኒስን ታውቂዋለሽ፣ የታችኛው መንደር ሰው፣ የትሩዲስ ባል፣ ዘንባባ እየወጣ ጠጅ የሚቀዳው። ሜይ 26 እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በኛ ማሳ ዳር ካለው ዘንባባ ሥር ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተገኘ። ያገኘው ኦስዋል ነው። አንሥቶ ወደ መንገድ ሲሮጥ ሸሚዙ በደም ተነከረ። ሰውዬው ነፍሱን ሳያውቅ ማክሰኞ ሞተ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ትዝ ያለው ቅዳሜ ዕለት ሁለቱ በመስኖ ውሃ መጣላታቸው ነው። ኦስዋል «ይህን ውሃ ደግመህ ብትዘጋ አንተን ነው የምዘጋህ» ብሎታል። ሃያ ሰው ሰምቷል። በኛ መንደር ይህ ስድብ እንኳ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ፖሊስ ግን ሰላምታ አያውቅም። ዓርብ መጥተው ወሰዱት።

እኔም ቃሌን ሰጥቻለሁ። አንብቤ ፈርሜአለሁ። አትስጊ። የጠየቅሁሽ ገንዘብ ለስንቁና ለመመላለሻዬ ነው። ትልቁ አሳማ አሁን የለም፤ እሱን ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

አጎትሽ ሩፊኑስ፣ በራሱ እጅ።

---

ታዋው፣ ሳባህ
ጁላይ 2 ቀን 1996

ለክቡር አጎቴ ሩፊኑስ፤

ከባሕር ማዶ እጅ እነሣለሁ። ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያጽናልኝ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እርስዎ እንዳሉት ወረቀት አልቀድም። ደህና አይደለሁም። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ለሁለት መቶ ሠራተኛ ሩዝ እያማሰልኩ ነበር። ሩዙ ተቃጠለ። አለቃው ጮኸ፤ አልሰማሁትም።

አጎቴ፣ እዚህ በየወሩ የሚታሰር የአገር ልጅ አለ፤ ወረቀቱ አልቆበት፣ ተደባድቦ፣ ምንም ሳያደርግም። እዚህ ያየሁትን ልንገርዎ። ሰው ከታሰረ የመጀመሪያው ነገር ጠበቃ ነው። ሰነፍ ይሁን ጎበዝ፣ ጠበቃ ያለው ሰው ቢያንስ ፋይሉ አይጠፋም። ኦስዋል ጠበቃ ሳይኖረው አንዲት ቃል እንዳይናገር ይንገሩልኝ። እርስዎም አይናገሩ። የፈረሙት ወረቀት ላይ ምን እንዳለ ቃል በቃል ይጻፉልኝ።

ጠበቃ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከተማው ውስጥ ካኒስ አለ፤ የባለቤትዎ የእማማ ሮሊና የወንድም ልጅ። አገሩን ያውቃል፣ ቋንቋውን ያውቃል፣ ዳኛውን በየቀኑ ያያል። ለምን እሱን አያነጋግሩም?

በመርከብ ከሚመለሰው ከላዛሩስ ጋር አራት መቶ ሪንጊት ልኬአለሁ። በምትኩ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ኦስዋል አንድ መስመር ይጻፍልኝ። ስድብም ቢሆን። የእጁን ጽሕፈት ካየሁ እተኛለሁ።

ልጅዎ ሜልዲ

---

ጎሎ ዋሰ
ኦገስት 4 ቀን 1996

እኑ ልጄ፤

ሰላምሽ እንደ ወንዛችን አይድረቅ። ገንዘቡ ደርሷል፤ ላዛሩስ ሰላሳውን ጠጥቶበታል፤ ይቅር ብዬዋለሁ፤ የመጣው በማዕበል ነው።

ስለ ጠበቃው አይሆንም። አፍ የሚከራይ ጥፋት ያለበት ሰው ነው። እኛ ጥፋት የለብንም። ኦስዋል የራሱ አፍ አለው፤ የኔም አልተሸጠም። ካኒስ ያልሽውን ደግመሽ እንዳትጽፊ። የዚያን ቤት ደፍ ከረገጥኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሮሊና ስትሞት እኛን ወንድሞቿን ከሁሉ ቀድመህ አላስጠራህም፣ የደረስነው ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ነው አሉኝ። ያን ቀን ማንን ልላክ? እግሬ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። ይቅርታ ጠይቅ አሉኝ፤ አልጠየቅሁም። አሁን ደግሞ ጎንበስ ብዬ «የልጃችሁን እውቀት አበድሩኝ» ልበል? ሙት ልትዪኝ ትችያለሽ፣ ይህን ግን አትዪኝ።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ነገር እንደሚከፈተው አንድ አውራ ዶሮና አንድ ቅል የዘንባባ ጠጅ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄጃለሁ። በሩ ላይ ያለው ወጣት ሳቀብኝ።

«አያ፣ ይህ ጉቦ ነው?»

«ጉቦ ቢሆን አሳማ አመጣልህ ነበር» አልኩት።

«አሳማውንማ አድርሰሃል!» ብሎ ከጓደኛው ጋር ሆዱን ይዞ ሳቀ። ምን ማለቱ እንደሆነ ተይው። ዶሮውን መለሱ፤ ጠጁን አልመለሱም።

ኦስዋልን አየሁት። ከስቷል። ወረቀትና እርሳስ ሰጠሁት። «ለእናትህ አንድ መስመር» አልኩት። «ምን ብዬ ልጻፍላት?» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። እርሳሱን አልወሰደም። በሚቀጥለው ይጽፋል።

ወረቀቱ ላይ ምን አለ ላልሽው፣ ያው የተናገርኩት ነው ያለው።

አጎትሽ ሩፊኑስ፣ በራሱ እጅ።

---

ታዋው
ኦገስት 29 ቀን 1996

ለክቡር አጎቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጸሎቴ አልተቋረጠም። ትዕግሥቴ ግን ተቋርጧል።

እርስዎ ጠበቃ ካልያዙ እኔ ይዣለሁ። የኛ ክፍል አለቃ የኩፓንግ ሰው ነው፤ የአጎቱ ልጅ አቶ ቶብያስ የሚባል ትልቅ ጠበቃ ያውቃል። የጆሮ ወርቄን ሸጥኩ፤ የሁለት ወር ደመወዝ አስቀድሜ ወሰድኩ። አቶ ቶብያስ በአውሮፕላን ይመጣል። የሚጠይቅዎትን ሁሉ ይንገሩት። እንዳይቆጡት፣ ጠጅም ይዘው እንዳይሄዱ።

የኦስዋልን መስመር እጠብቃለሁ።

ሜልዲ

---

ታዋው
ኦክቶበር 3 ቀን 1996

አጎቴ፤

መልስዎ አልመጣም። የአቶ ቶብያስ መልስ ግን መጥቷል። የጻፈውን እንዳለ እገለብጥልዎታለሁ፦

«ሟች በተቀበረ ማግስት የተከሳሽ ቤተሰብ አሳማ ይዞ ወደ ሟች ቤት ሄዷል። አያቱ በፈረመው ቃል ላይ ‹ልጄ ስለገደለ ካሣ አደረስኩ› ይላል። ስለዚህ ልጁ ቢያምን ይሻለዋል።»

አጎቴ፣ የቱ አሳማ?

ሜልዲ

---

ጎሎ ዋሰ
ኦክቶበር 27 ቀን 1996

እኑ ልጄ ሜልዲ፤

እግዚአብሔር ልብሽን ያሳርፈው። ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ረጅም ሰላምታ የሚያምርበት ፊት የለኝም።

የቱ አሳማ ብለሻል። ትልቁ፣ ጆሮው የተቀደደው፣ ለአንቺ መምጫ ያሳደግሁት። የስታኒስ ደም የፈሰሰው በኛ መሬት ላይ ነው። ደም የፈሰሰበት ቤት ለሟች ቤተሰብ የእንባ ማበሻ ካላደረሰ ሩዙ ገለባ እንደሚሆን አንቺም ታውቂያለሽ። ዛፍ ይጣለው ጎርፍ ይውሰደው፣ ማን አጠፋ ተብሎ አይጠየቅም። አባቴም አድርጎታል፣ አያቴም። አራት ሆነን በቀርከሃ ተሸክመን ወሰድነው። ትሩዲስ ተቀበለችን፤ አለቀሰች፤ ተመለስን። በማግስቱ ፖሊስ መጣ።

ጣቢያ ወሰዱኝ። ያ በኋላ በሩ ላይ የሳቀብኝ ወጣት ነበር የጠየቀኝ።

«አሳማ ወስደሃል ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«አዎ።»

«በልጅህ ምክንያት?»

«በቤቴ ምክንያት» አልኩት።

የጽሕፈት መኪናዋን እንደ ዶሮ እያስለቀመ ቆየና ወረቀቱን አወጣው። «ማንበብ ትችላለህ ወይስ ላንብብልህ?» አለኝ። በመስኮቱ መምህር ፍራንስ ቆሟል። የገበያ ሴቶችም ቆመዋል። «አንተ ሳትወለድ አንብቤአለሁ» አልኩት። ወረቀቱን ያዝኩ። ዓይኔን ከላይ እስከ ታች አወረድኩ። ለማሳመርም አንዴ ራሴን ነቀነቅሁ። ፈረምኩ።

እኑ፣ አንድ ቃል አላነበብኩም። የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ ያውም በመኪና የተመታ። እኔ የምችለው የኛን ቋንቋ፣ ያውም የእጅ ጽሕፈት፣ ያውም እየተንገዳገድኩ። የአንቺን ደብዳቤ አንብቤ ለመጨረስ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ይህን ሌላ ሰው አያውቅም፤ አሁን አንቺ አወቅሽ።

የኩፓንጉ ሰው መጥቶ ነበር። ጫማው ፊት ያሳያል። ዘንባባው ያለበትን ማሳ ላሳይህ ስለው ቁልቁለቱን አይቶ «ፎቶ ካላችሁ ይበቃኛል» አለ። ከዚያ «ልጁ በንዴት መታሁት ይበል፤ ሰባት ዓመት ነው፤ ሲፈታ ገና ወጣት ነው» አለኝ።

«ልጁ አልመታውም» አልኩት።

«ሽማግሌ፣ አሳማው መስክሯል» ብሎኝ ሰዓቱን አየ። አውሮፕላኑ እንዳያመልጠው ሄደ።

ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩት ስለዚህ ነው። ልጅሽን ያሳሰረው የኔ አንገት ነው። ችሎቱ ለዲሴምበር ተቀጥሯል። ነገ ጠዋት ወደ ሮሊና ወንድሞች እወርዳለሁ። ዶሮ አስሬአለሁ። ዶሮውን በር ላይ ሊመልሱት ይችላሉ፤ እኔን ግን ተሸክመው ካላወጡኝ አልወጣም።

ሩፊኑስ።

---

ታዋው
ኖቬምበር 18 ቀን 1996

አጎቴ፤

ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሦስቱንም ቀደድኩ። አሁን የምጽፈው የተረፈውን ነው።

ባይዋሹኝ ኖሮ ልጄ ዛሬ ቤቱ ነበር ብዬ አስባለሁ። ደግሞ ስድስት ዓመት ትቼው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ሩዝ ያበላው እርስዎ ነዎት። ሁለቱንም አብሬ ስይዝ እጄ ይዝላል። ይቅርታውን ስንገናኝ እንነጋገርበታለን።

ለአቶ ቶብያስ ይበቃል ብዬ ቴሌግራም ልኬአለሁ። የከፈልኩትን አልጠየቅሁትም፤ ይብላው። ወደ ካኒስ ሄደው ከሆነ ደግ አደረጉ። ካልሄዱ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ይነሡ። የሚጠይቅዎትን ሁሉ፣ የሚያሳፍርዎትንም ይንገሩት። እማማ ሮሊና ብትኖር አሳማው ከግቢ ሳይወጣ ወንድሞቿን ታማክር ነበር።

ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ላይ ከሰባት እስከ አሥራ አምስት ነው ይላሉ። አሥራ አምስት ከሆነ ኦስዋል ሠላሳ አምስት ይሆነዋል። በድስቱ ሥር ያለውን እሳት እያየሁ ይህን ብቻ ነው የምደምረው።

መስመሩን አሁንም እጠብቃለሁ።

ሜልዲ

---

ጎሎ ዋሰ
ዲሴምበር 20 ቀን 1996

እኑ ልጄ ሜልዲ፣ የእህቴ ዓይን፤

በምትቆሚበት ምድጃ ዘንድ ሁሉ እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ይቁም። ወረቀቱን ገልብጠሽ መጨረሻውን ቀድመሽ እንዳታዪ። በተርታ አንብቢ። እኔ በተርታ ነው የኖርኩት።

ዋኤ ሩአ ስደርስ የሮሊና ታላቅ ወንድም ጎርዲ በረንዳው ላይ ቀርከሃ ይልጣል። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ቀርከሃው ተመለሰ።

«መንገዱ ጠፍቶብህ ነው? ከጎሎ ዋሰ እስከዚህ ዘጠኝ ዓመት ይፈጃል?»

«ጉልበቴ ታሞ ነው» አልኩት።

«ጉልበትህ ነው አንገትህ?»

ያን ጊዜ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ጮኸ፤ ሰምቷል። «ሮሊና ስትሞት ለእናንተ ቀድሜ አለመላኬ ጥፋት ነው» አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ያነቀኝ ነገር ለካ አንድ ትንፋሽ እንኳ አይሞላም። ጎርዲ ዶሮውን ከእጄ ወስዶ መዘነው። «ከስቷል» አለ። «ቁጭ በል። በር ላይ የሚቆም ለማኝና ፖሊስ ነው።»

ልጁ ካኒስ ማምሻውን ከከተማ መጣ። ቢሮው ሚስማር ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ነው፤ ጫማው ነጠላ ጫማ ነው። ሁሉን ነገርኩት፣ ስለ ማንበቡም። አልሳቀም። መጀመሪያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «አጎቴ፣ ተሸክማችሁ ወሰዳችሁት ወይስ ነዳችሁት?»

እኑ፣ ምድጃው ያጨስ ነበር፤ ዓይኔን ጠረግሁ። የኩፓንጉ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ነው የሄደው።

በማግስቱ በነጠላ ጫማው ቁልቁለቱን ወርዶ ማሳው ገባ። ከዘንባባው ሥር ቆሞ ወደ ላይ ሲያይ ቆየ። «ስታኒስ ከሞተ ወዲህ የወጣበት አለ?» አለኝ።

«ሰው የጣለ ዛፍ ዓመት ሳይሞላው ማን ይወጣበታል?»

«ደግ። እንግዲያው ሁሉም እንዳለ ነው» አለና በቀጥታ ወደ ትሩዲስ ሄደ። እሷ ፈቀደች። ዳኛውን በወረቀት ጠይቆ ፖሊስ አስመጣ። የመንደሩ ሽማግሌ እንቁላል ሰብሮ የዛፉን ቁጣ አበረደው። የትሩዲስ ወንድም ራሱ ወጣ፤ ሌላ ሰው ወጥቶ ቢሆን «ራሳችሁ ያኖራችሁት ነው» ይሉን ነበር። ከላይ ጮኸ። የስታኒስ ቢላዋ ግንዱ ላይ እንደተሰካ ነው። የሚቀዳበትም ቀርከሃ እዚያው ተንጠልጥሏል። ግንዱ ላይ የታሰረው መሰላል ላይኛው መርገጫ ደግሞ ተገንጥሏል። ሰው ቢላዋውን ላይ ትቶ በእግሩ አይወርድም። ወድቋል።

ችሎቱ ማክሰኞ ነበር። መንደሩ ሁሉ ወረደ፣ መምህር ፍራንስም። ዳኛው የጃቫ ሰው ነው፤ የኛን ነገር አያውቅም፤ ግን ያዳምጣል። ዐቃቤ ሕጉ የኔን ቃል ከፍ አድርጎ አነበበ። ካኒስ ተነሣና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሩ ራሱ ያንብበው» አለ።

ወረቀቱን ሰጡኝ። ቆምኩ። ስሜን አገኘሁት። ከስሜ ቀጥሎ ያለው ጫካ ሆነብኝ። አንዱን ፊደል ያዝኩ፣ ሁለተኛውን ያዝኩ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ የመጀመሪያው አመለጠኝ። ከኋላ አንዱ «እሱ እኮ ጋዜጣ ያነብ ነበር!» አለ፤ ሳቁ። ጋዜጣ እይዝ ነበር፤ እውነት ነው።

«አባት፣ ታዲያ ለምን አንብቤአለሁ አልክ?» አለ ዳኛው።

«ጌታዬ፣ ሰው ቆሞ ያይ ነበር» አልኩ። «ዛሬም ቆሞ ያያል። ማንበብ አልችልም።»

ያኔ ሳቁ ቆመ። ያ ወጣት ፖሊስ ወለሉን ያይ ነበር።

ከዚያ ካኒስ ትሩዲስን ጠየቃት። «አሳማው እንዴት መጣ?»

«ተሸክመውት» አለች።

«ለዳኛው አስረጂልኝ፤ እሳቸው እንግዳ ናቸው።»

«ገዳይ ሲታረቅ አሳማውን ራሱ በገመድ እየነዳ ያመጣዋል፤ በእግሩ ነው የሚገባው። ለእንባ የሚመጣ ግን ጎረቤት ተሸክሞት ነው የሚገባው። የኔ ባል ገዳይ ቢኖረው አሳማው በእግሩ ይመጣልኝ ነበር።» ከዚያ ኦስዋልን አየችውና «ይህ ልጅ አፉ ክፉ ነው። እጁ ግን ባሌን ተሸክሟል» አለች።

ዳኛው ለሁለት ሰዓት ወጣ። እነዚያን ሁለት ሰዓቶች አልጽፍልሽም፤ አንቺ ስድስት ወር ኖረሽባቸዋል። ተመልሶ ሲያነብ ቋንቋውን አልተከተልኩም። የካኒስን ፊት ነበር የማነበው።

ካኒስ ዋጋውን ስጠይቀው «ለአባቴ አንድ ወፈር ያለች ዶሮ» አለ። ላዛሩስ ከጠጣው በቀር የላክሽው ሳይነካ አለ፤ ለመርከብ ይሁንሽ። ነይ። አሳማ ስለሌለ ራሴን አርድልሻለሁ።

ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀብኝ። ከታች አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ። ስድስት ወር የጠየቅሽው መስመር ነው፤ እርሳሱን ለባለቤቱ አስረክቤአለሁ።

ሩፊኑስ።

እማዬ፣ ቤት ነኝ። ኦስዋል፣ በራሴ እጅ።